ፕሮግራሙ በሱማልኛ እየሠራ በአማርኛ ለምን ይወድቃል?

በዚህ እትም ስለ ኮምፒውተር ሜሞሪ ጥቂት እንላለን። ርእሱ ሲታይ ለኮምፒውተር ክፍል ብቻ የተጻፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ሀ ሁ የምታስተምሩትንም ይመለከታችኋልና ገጹን አትለፉት።

ሐርጌሳ ውስጥ ያደጉት ወይም እዚሁ የተወለዱት የስደተኛ ልጆች ትምህርት ቤት የሚማሩት በሱማልኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን ከቤት ይሰሙታል፣ አሳምረውም ይናገሩታል፤ ፊደሉን ግን ብዙዎቹ አያውቁትም። ይህን አይተው የኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎቻችን በሲ ቋንቋ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠሩ። ልጁ ስሙን ወይም የወላጆቹን አገር ስም ያስገባል፤ ፕሮግራሟ ፊደሎቹን ትቆጥርና ለእያንዳንዱ አንድ ሳጥን ትስላለች፤ ከዚያ በየሳጥኑ ውስጥ ፊደሉን በትልቁ፣ በቀለም ታወጣለች። ለሥዕሉ የተጠቀሙት ኤስዲኤል የተባለውን ነጻ ላይብረሪ ሲሆን ለፊደሉ ቅርጽ ደግሞ አቢሲኒካ የሚባለውን ነጻ ፎንት ነው።

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ፕሮግራሟ ግን ትወድቃለች። በሱማልኛ የተጻፈ ስም የፈለገውን ያህል ቢረዝም ይሠራል። በአማርኛም “ሐርጌሳ” ይሠራል፣ “ድሬዳዋ” ይሠራል፣ “አዲስ አበባ” ይሠራል። “ምሥራቅ ሐረርጌ” ሲባል ግን ሳጥኖቹ ተስለው አልቀው፣ ቀጥሎ ሥዕል ሲጫን፣ መስኮቱ ዝም ብሎ ይዘጋል። ተርሚናሉ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ጥሎ ይሄዳል፤ መስመሩም ስለ ሜሞሪ ያወራል እንጂ ስለ ፊደል ምንም አይልም።

ታዲያ ወሬው ወዲያው ተነሣ። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ሌላው ማሽኑ አርጅቷል አለ። ሦስተኛው “ኮምፒውተር እኮ አማርኛ አይወድም” አለ። ከሦስቱ የከፋው ይኸኛው ነው። ፊደሉን ገና ሊማር የመጣ ሕፃን “ያንተ ፊደል ኮምፒውተር ያበላሻል” ሲባል ሰምቶ ነገ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ነገሩን እስከ ሥሩ መቁጠር ነበረብን። ሦስቱም ወሬ ልክ አይደለም።

ሜሞሪ በኪራይ ነው

አንድ ረጅም ግቢ አስቡ። ክፍሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዷ ክፍል አንዲት ባይት ናት። ፕሮግራም ቦታ ሲያስፈልገው ማሎክ ለሚባለው አከራይ “ይህን ያህል ተከታታይ ክፍል ስጠኝ” ይለዋል። አከራዩ ቦታ ካለው የመጀመሪያዋን ክፍል ቁጥር ይሰጣል፤ ፖይንተር የምንለው ይኸው ቁጥር ነው። ከሌለው ነል የሚባል ባዶ መልስ ይሰጣል። ተከራዩ ሲጨርስ ፍሪ በሚባለው ትእዛዝ ክፍሎቹን ያስረክባል።

የሲ ቋንቋ ነገር ምን መሰላችሁ፣ በተከራዮች መካከል ግድግዳ የለም። አምስት ክፍል የተከራየ ሰው ዐሥራ ሦስት ሰው ይዞ ቢገባ የሚከለክል ዘበኛ አይቆምም። የተረፉት ጎረቤት ገብተው ይተኛሉ። ጎረቤቱም ጉዳቱን የሚያውቀው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው። የሜሞሪ ስህተት ሰውን የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ጩኸቱ የሚሰማው ጥፋቱ ከተሠራበት ቦታ ርቆ ነው። (ተማሪዎቻችን ስህተት ፍለጋውን “በግ ፍለጋ” ይሉታል፤ የእንግሊዝኛው ቃል በእኛ አፍ በግ ሆኖ ስለሚወጣ። ፍለጋውም እንደ እውነተኛ በግ ፍለጋ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስኬድ ይውላል።)

አንድ ፊደል ስንት ባይት ነው?

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ፓወር ግእዝን፣ ቪዥዋል ግእዝን በመሳሰሉ ፎንቶች ነበር የምንጽፈው። በእነዚያ ዘዴዎች ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው፤ ፊደል የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። በእነዚህ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው። ያንን ቁጥር በፋይልና በሜሞሪ ለማስቀመጥ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ደግሞ ዩቲኤፍ 8 ነው፤ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጡት።

ዩቲኤፍ 8 ለሁሉም ፊደል እኩል ቦታ አይሰጥም። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል። ሱማልኛም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው ምልክት በሌለው ላቲን ስለሆነ እንደዚያው አንድ ባይት ነው። የዓረብኛ ፊደል 2 ባይት ይወስዳል። የእኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ለምሳሌ “ሀ” ሜሞሪ ውስጥ 225፣ 136፣ 128 የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች ሆና ነው የምትቀመጠው። አራት ነጥብም (።) 3 ባይት ነው። በቃላት መካከል ያለችው ባዶ ቦታ ግን 1 ባይት ናት። በመጨረሻም ሲ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ማብቂያ የሚያውቀው በዜሮ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ባይት ለዜሮዋ ይያዛል።

የተማሪዎቻችን ፕሮግራም ሳጥን ለመሳል ፊደል ይቆጥር ነበር። ለሳጥን ልክ ነው፤ “ሐርጌሳ” አራት ሳጥን ነው። ነገር ግን ያንኑ ቁጥር ወስዶ ማሎክን “አራት፣ ለዜሮዋ አንድ፣ በድምሩ 5 ባይት ስጠኝ” አለው። ትክክለኛው ሒሳብ አራት ጊዜ 3 ሲደመር 1፣ ማለትም 13 ነው። በ5 ክፍል 13 እንግዳ አስተኛን ማለት ነው። በሱማልኛ ሲጻፍ ግን የፊደሉና የባይቱ ቁጥር አንድ ስለሆነ ስህተቱ ተኝቶ ይኖራል። የቸገረው ፊደልን ከባይት ያልለየው ሒሳብ ነው፤ አማርኛ ያደረሰው በደል የለም።

ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ ይጠይቃል። እሺ፣ 13 በ5 ውስጥ ከገባ “ሐርጌሳ” ራሱ ለምን አይወድቅም?

ይህ ጥያቄ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥብናል። በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ላይብረሪ 5 ባይት ብትጠይቁትም የሚሰጣችሁ ቦታ 24 ባይት ይይዛል፤ ከዚያ ያነሰ አይሸነሽንም። ስለዚህ 13ቱም ሳያውቁት በትርፉ ቦታ ተመቻችተው ይቀመጣሉ። “አዲስ አበባ” ስድስት ፊደል በ3 ባይት 18፣ ባዶዋ ቦታ 1፣ ዜሮዋ 1፣ በድምሩ 20፤ እሱም ይገባል። “ምሥራቅ ሐረርጌ” ግን ስምንት ፊደል ነው፤ 24 ባይት፣ ባዶዋ ቦታ ስትጨመር 25፣ ዜሮዋ ስትጨመር 26። ሁለት ባይት ውጭ ቀረች። አንዷ የ“ጌ” የመጨረሻ ሲሶ ናት፣ ሌላዋ ዜሮዋ።

እነዚያ ሁለት ባይቶች የት አረፉ? ማሎክ የሚቀጥለው ቤት ምን ያህል ስፋት እንዳለው የሚመዘግብበትን ደብተር የሚያስቀምጠው እዚያው በቤቶቹ መካከል ነው። ሁለቱ ባይቶች በቀጥታ የደብተሩ ላይ አረፉ፤ የጎረቤቱን ስፋት ሰርዘው ሌላ ቁጥር ጻፉበት። በዚያች ሰዓት ማንም አልጮኸም። ሳጥኖቹ ተሳሉ። ቀጥሎ ሥዕል ለመጫን ሌላ ቦታ ሲጠየቅ አከራዩ ደብተሩን ገለጠ፣ ሒሳቡ አልገጥም አለው፣ ፕሮግራሙን እዚያው አቋረጠው። ተማሪዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለጉት ሥዕል የሚጭነውን ክፍል ነበር። ሥዕሉ ምንም አላጠፋም።

ማሽን ሲቀየርም ነገሩ ይቀያየራል። በአሮጌ 32 ቢት ሊኑክስ ላይ ትንሹ ቦታ የሚይዘው 12 ባይት ብቻ ስለሆነ እዚያ “ሐርጌሳ” ራሱ በአንድ ባይት ይተርፋል። “እኔ ጋ ይሠራል፣ አንተ ጋ ነው የማይሠራው” የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ከማሽኑ እርጅና ጋር ግንኙነት የለውም። ይልቁንስ አሮጌው ማሽን ስህተቱን ቶሎ በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል!

መፍትሔው አጭር ነው። ለሳጥን ፊደል ይቆጠር፤ ለሜሞሪ ባይት ይቆጠር። ባይት የሚቆጥረው ስትርሌን የሚባለው የሲ ትእዛዝ ነው፤ በእሱ ላይ ለዜሮዋ አንድ ይጨመራል። “ፊደሉን በ3 ማባዛት አይበቃም ወይ?” ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። አይበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩት የግእዝ ፊደሎች እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይወስዳሉ። በ3 እያባዛን የምንሠራው ፕሮግራም ዛሬ አማርኛን አስደስቶ ነገ የጉራጌውን ልጅ ይጥላል። ፊደል ለመቁጠር ለሚቸገሩ ደግሞ አንዲት ዘዴ አለች፤ በዩቲኤፍ 8 ውስጥ ከ128 እስከ 191 ያሉት ባይቶች ሁልጊዜ ተከታይ እንጂ መጀመሪያ አይሆኑም። እነሱን ዘሎ የቀሩትን መቁጠር ነው።

ያልተመለሰ ቁልፍ

ይህ እንደተስተካከለ ሌላ ችግር ብቅ አለ። ተማሪዎቹ አንድ ፊደል ብቻ እየተንቀሳቀሰ የሚታይበት የመለማመጃ ገጽ ጨመሩ። የመጀመሪያው ልጅ ይጫወታል፣ ደስ ይለዋል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሲቀመጥ ማሽኑ ይጎተታል፣ ይቆማል፤ ልጁም “ምን ነካክተህ ነው?” ይባላል። ልጁ ምንም አልነካም።

ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ እንዲህ ሠራነው። የፊደሉ ሥዕል ስፋቱ 200፣ ቁመቱ 200 ነጥብ ነው፤ በድምሩ 40,000 ነጥብ። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊና ለግልጽነቱ 4 ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የፊደል ሥዕል 160,000 ባይት ነው። ፕሮግራሙ በሰከንድ 30 ጊዜ አዲስ ሥዕል ይከራያል፣ አሮጌውን ግን አይመልስም። በሰከንድ 4,800,000፣ በደቂቃ 288,000,000፣ በ3 ደቂቃ 864,000,000 ባይት። አንድ ጊጋባይት ማለት 1,073,741,824 ባይት ነው፤ በዚያ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የራሱን ይወስዳል። አንድ ጊጋባይት ያለው ማሽን አራተኛውን ደቂቃ አይሻገርም።

እዚህ ላይ መጽሐፍ ከሚለው የተለየ ነገር አለ። መጽሐፍ “ማሎክ ቦታ ሲያጣ ነል ይሰጣል፣ ነልን ፈትሹ” ይላል። መፈተሹ ግዴታ ነው፤ ይሁንና ሊኑክስ ብዙ ጊዜ ባዶ ኪስም ይዞ “እሺ” ይላል፤ ቦታው በእውነት ሲነካ ግን ያጥረዋል። ያኔ የሲስተሙ እምብርት ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ፕሮግራም መርጦ ይገድለዋል። ተርሚናሉ ላይ “ኪልድ” የምትል አንዲት ቃል ብቻ ካያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። በተቃራኒው ገና ከመነሻው ሥዕል አልጫን ብሎ ነል ከመጣ ሜሞሪ ላይ አትፍረዱ፤ በአብዛኛው የሥዕሉ ፋይል በተባለው ፎልደር ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። ኤስዲኤል የራሱን የስህተት መልእክት ስለሚይዝ እሱን አስወጥታችሁ አንብቡ።

ለተንቀሳቃሹ ፊደል የተደረገው ነገር ቀላል ነው። ሥዕሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ በየሰከንዱ የሚቀየረው ቦታው ብቻ ይሆናል፤ ገጹ ሲዘጋ ሥዕሉ ይመለሳል። አዲሱን ኤስዲኤል የምትጠቀሙ ግን ልብ በሉ፣ የተከራያችሁት ሁለት ነው። መጀመሪያ ሰርፌስ የሚባለው አለ፣ ከእሱ የሚሠራው ቴክስቸር ደግሞ አለ። አንዱን መልሶ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው። ፎንቱም የኪራይ ዕቃ ነው፤ እሱን ደግሞ የፎንት ላይብረሪው ከመዘጋቱ በፊት መዝጋት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ፕሮግራሙ ሥራውን ሁሉ ጨርሶ ልክ ሲወጣ ይወድቃል።

ከመጠን በላይ ጠንቃቃ የሆነ ተማሪም አለ፤ ያየውን ሁሉ ይመልሳል። አንድን የጀርባ ሥዕል ሁለት ገጾች በጋራ ይዘውት አንደኛው ገጽ ሲዘጋ ቢመልሰው፣ ሁለተኛው ያስረከቡትን ቤት በተባዛ ቁልፍ ከፍቶ እንደሚገባ ሰው ይሆናል። ቤቱ ባዶ ሆኖ ካገኘው ምንም አይታይም፤ ሌላ ተከራይ ገብቶ ከሆነ ግን የጀርባው ሥዕል ላይ የተበጣጠሰ ቀለም ይወጣል። ሁለተኛውም ሲዘጋ እንደገና ቢመልሰው አከራዩ ሁለቴ የተረከበውን ቤት አይቶ ፕሮግራሙን ያቋርጣል። ከመለሱ በኋላ ፖይንተሩን ነል ማድረግ ይረዳል፤ ነልን መመለስ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ሌላኛው ገጽ የያዘው ቅጂ ቁልፍ በዚህ ነል አይሆንም። ስለዚህ በክፍላችን ለእያንዳንዱ ኪራይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ በአማርኛ ከትእዛዙ ጎን ይጻፋል፤ የሚመልሰው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ፍለጋው እንዴት ይደረግ?

ብዙ ተማሪ የሚጀምረው በየመስመሩ መካከል “እዚህ ደርሻለሁ” የሚል ጽሑፍ እያሳተመ ነው። ይጠቅማል፤ ግን ሁለት ጉድለት አለው። ተራው የማተሚያ ትእዛዝ ጽሑፉን አጠራቅሞ ስለሚያወጣ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የመጨረሻው መልእክት ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ በስህተት መስመር በኩል ማሳተም ይሻላል። ሁለተኛው፣ አንድ መስመር ሲጨመር የሜሞሪው አቀማመጥ ትንሽ ስለሚለወጥ ስህተቱ የጠፋ ሊመስል ይችላል። አልጠፋም።

የተሻሉ ሁለት መሣሪያዎች በነጻ አሉ። አንደኛው ጁልያን ሲዋርድ የጀመረው ቫልግራይንድ ነው። ሁለተኛው ከጂሲሲ ኮምፓይለር ጋር አብሮ የሚመጣው አድሬስ ሳኒታይዘር ነው፤ ጂሲሲ ውስጥ የገባው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም የጠየቃችሁትን ልክ ይመዘግባሉ፤ ትርፉን ቦታ አይቆጥሩላችሁም። ስለዚህ “ሐርጌሳ” ላይ እንኳ፣ ምንም ሳይወድቅ፣ “5 ተጠይቆ ስድስተኛው ላይ ተጻፈ” ብለው የመስመሩን ቁጥርና ቦታው የተከራየበትን መስመር ይነግሯችኋል። ለዚህ ፕሮግራሙ ኮምፓይል ሲደረግ የመስመር ቁጥር እንዲይዝ መታዘዝ አለበት። ቫልግራይንድ ፕሮግራሙን 20 እና 30 እጥፍ ያዘገየዋል፤ በደካማ ማሽን ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ይዞ መጠበቅ ያሰለቻል። ሳኒታይዘሩ ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው የሚያዘገየው። ሌላም ነገር አለ፤ ኤስዲኤልና የግራፊክስ ድራይቨሩ ሲነሡ የሚከራዩትን ሁሉ ስለማይመልሱ ቫልግራይንድ ረጅም ዝርዝር ያወጣል። አትደንግጡ፤ የእናንተ ፋይል ስም ያለበትን ብቻ ለቅማችሁ አንብቡ።

መብራት በሌለበት ሰዓት ደግሞ ባለ ካሬ ደብተር ይበቃል። 24 ካሬ በአንድ ረድፍ አስምሩ፤ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን “የአከራዩ ደብተር” ብላችሁ አጥቁሩት፤ ቃሉን ባይት በባይት አስገቡ። እኛ ክፍል ስህተቱ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ መልሱ ደብተር ላይ አልቆ ነበር። ከታች ክፍል የመጡትም ልጆች አብረው ሲቆጥሩ ሳያውቁት ፊደል ለዩ።

ለመለማመጃ ይህን ሞክሩ። የተማሪዎቻችን የመጀመሪያው ፕሮግራም በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ “ትምህርት ቤት” የሚለውን ሲቀበል ይወድቃል ወይስ አይወድቅም? “ትምህርት ቤታችን” ሲባልስ? በሁለተኛው ላይ ስንት ባይት ከ24ቱ ይወጣል፣ የየትኛውስ ፊደል ባይቶች ናቸው? ከዚያም “ቶጎ ውጫሌ” የሚለውን በአማርኛና በሱማልኛ ጽፋችሁ የሳጥኑንና የባይቱን ቁጥር አወዳድሩ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።